የታከመ ልብና የበዓል ጠላ

ልብዎን ታክመው ወደ ጎበሳ ተመልሰዋል እንበል። የተበላሸው ቫልቭ፣ ማለትም ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው የልብ በር፣ ተቀይሮልዎታል። ወይም የጠበበው በር በፊኛ ተከፍቷል። ወይም የተዛባው ምት በመድኃኒት ተስተካክሏል። ዳገት ላይ ያጥርዎ የነበረው ትንፋሽ ተመልሷል። ጎረቤቱ «እንኳን ለቤትዎ አበቃዎ» ሊል ይመጣል። ቤት ያፈራው ይቀርባል። ጠላው ሲቀዳም ያ ጥያቄ አብሮ ይመጣል፦ «ትንሽ ብቀምስስ?»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን በተደረገልዎ ሕክምና፣ በሚውጡት ክኒንና «ትንሽ» በምትለው ቃል ላይ የተንጠለጠለ ነው። ቀስ ብለን እንየው።

አርሲ የገብስ አገር ነው። የጎበሳ ወረዳ ሽርካም ገብስና ስንዴ ይዘራል። አሰላ ያለው የብቅል ፋብሪካ ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ ገብስ እየገዛ ለቢራ ጠማቂዎች ብቅል ያቀርባል። በየቤቱ ደግሞ ጠላው አለ፤ በኦሮምኛ ፋርሶ የሚባለው። በእስልምና እምነቱ ምክንያት የማይቀምሰው ጎረቤት ብዙ ነው። ለሚጠጣው ሰው ግን መጠጡ ከማሳው የወጣ፣ ለቅሶውም ሠርጉም የሚያውቀው ነገር ነው። «አትጠጡ» የሚለው ምክር ከአፍ እንደሚወጣው በቀላሉ የማይፈጸመውም ለዚህ ነው።

በመጀመሪያ የእኛ የልብ ሕመምተኛ ማን እንደሆነ እንወቅ። ፈረንጅ አገር ስለ ልብ ምት መዛባት ሲወራ በአብዛኛው የሚታሰበው በዕድሜ የገፋ ሰው ነው። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ወጣት ነው። ምክንያቱ ሩማቲክ የሚባለው የልብ ሕመም ነው። በልጅነት የያዘ የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ይቀራል። የሰውነት መከላከያ ጀርሙን ሲያሳድድ የራሱን የልብ በር ያቆስላል። ከዓመታት በኋላ በሩ ይጠብባል ወይም ያፈስሳል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ14 አገሮች 3,343 የዚህ ሕመም ታካሚዎችን መዝግቧል። የታካሚዎቹ መካከለኛ ዕድሜ 28 ዓመት ነበር። ከአምስት ታካሚ ከአንድ በላይ የሚሆነው ደግሞ ዛሬ የምናወራው የምት መዛባት ነበረበት።

ለእነዚህ ሰዎች ሕክምናው ሩቅ መንገድ ነው። ዶ/ር በላይ አበጋዝ በመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ አማካይነት ብዙ ልጆች ለቀዶ ሕክምና ባሕር ማዶ ይላኩ ነበር። በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል ተከፈተ። ወረፋው ግን ረጅም ነው። ያንን ወረፋ አልፎ የወጣ ሰው ያገኘውን በቀላሉ ሊያጣው አይገባም። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ የሚከተለው ግን የልብ አሠራር ነው።

ልብ እንደ ደቦ ይሠራል። ደቦ ላይ አንድ አውጪ አለ፤ እሱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ማጭዱም አብሮ ይወርዳል። በልብ ቀኝ የላይኛው ጓዳ ውስጥ ያለች ትንሽ የሥጋ ቁራጭ አውጪዋ ናት። በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ያህል ትንሽ የኤሌክትሪክ ጭረት ትልካለች። ሁለቱ የላይኛ ጓዳዎች ይጨመቃሉ። ጭረቱ መሐል ላይ ባለች አንዲት መተላለፊያ ለአፍታ ዘግየት ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ ሁለቱ የታችኛ ጓዳዎች ደሙን ወደ ሳንባና ወደ መላው አካል ይገፋሉ።

አሁን አውጪው ሳይሰማ፣ ሁሉም በየፊናው መጮህ ጀመረ ብለው ያስቡ። ሐኪሞች ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚሉት ይህንን ነው፤ የላይኛ ጓዳዎች መንቀጥቀጥ ማለት ነው። ጓዳዎቹ በደቂቃ ከ300 በላይ ጊዜ ይርገበገባሉ፤ በደንብ ግን አይጨመቁም። መሐል ያለችው መተላለፊያ አብዛኛውን ታግዳለች። ያም ሆኖ የታችኛው ጓዳ ያለ ሥርዓት ይሮጣል። ሰውየው ደረቱ ውስጥ ወፍ የገባች ይመስለዋል። ይደክመዋል፤ ያዞረዋል። አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ ምንም አይሰማውም።

ሌላም ጣጣ አለ። የማይጨመቅ ጓዳ ውስጥ ደም ይተኛል። የተኛ ደም ይረጋል። የረጋው ቁራጭ ተነቅሎ አንጎል ውስጥ ሲገባ ስትሮክ ይሆናል። የምት መዛባቱ ብቻውን የስትሮክን አደጋ አምስት እጥፍ ያህል ያደርሰዋል። ከሩማቲክ የበር መጥበብ ጋር ሲዳበል ግን፣ አሜሪካ ፍራሚንግሃም በተባለች ከተማ የተደረገው የታወቀ ክትትል እንዳሳየው፣ ወደ 17 እጥፍ ይደርሳል።

«ልቤ ተሠርቶ የለ እንዴ? ለምን ይዛባል?» ይሉ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በሩ ተቀየረ እንጂ ጓዳው አልተቀየረም። ለዓመታት በጠባብ በር ፊት ደም ሲጠራቀምበት የኖረ ጓዳ ተለጥጧል፤ ግድግዳውም ጠባሳ አበጅቷል። ቀዶ ሕክምናው ራሱ ስፌት ይተዋል። ጭረቱ በጠባሳው ዙሪያ መንገድ ይስታል። ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ ከ10 ሰዎች ከ2 እስከ 4 የሚሆኑት እንዲህ ያለ መዛባት ያጋጥማቸዋል። በብዙዎቹ ያልፋል። ልብ ግን መንገዱን አንዴ ለምዶታል።

አልኮል የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ምን ያደርጋል? እያንዳንዱ የልብ ሕዋስ አንዴ ከሠራ በኋላ ለቅጽበት ያርፋል። በዚያች ቅጽበት ሌላ ጭረት ቢመጣ አይቀበልም። ይህ ዕረፍት ልብን ከሁከት የሚጠብቅ አጥር ነው። ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሐኪሞች በምት መዛባት የሚታከሙ 100 ሰዎችን ወስደው ለግማሹ አልኮል በደም ሥር ሰጧቸው፤ ለግማሹ ደግሞ አልኮል የሌለበት። አልኮል በወሰዱት ላይ፣ መዛባቱ ብዙ ጊዜ በሚነሳበት የልብ ክፍል፣ ያቺ ዕረፍት ወዲያውኑ አጠረች። አጥሩ ዝቅ አለ ማለት ነው።

ሌላው ጉዳት በዝግታ ይመጣል። አልኮል ያሸናል፤ በሽንቱም ፖታሲየምና ማግኒዚየም የሚባሉት ጨዎች ይወጣሉ። ልብ ጭረቱን የሚያሳልፈው በእነዚህ ነው። ለእብጠት ላሲክስ የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱም ፖታሲየምን ያስወጣል፤ ሁለት ቀዳዳ ይሆናል። ሲነጋና ስካሩ ሲለቅ የሰውነት የድንጋጤ ሆርሞን ከፍ ይላል። እንቅልፉ የተቆራረጠ ነው። የደም ግፊቱም ከፍ ይላል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ምቱ የሚረበሸው ጠጥቶ ባደረበት ሌሊት ወይም በማግሥቱ ማለዳ የሆነው።

ይህ ነገር በሕክምናው ዓለም የራሱ ስም አለው፤ «የበዓል ልብ» ይሉታል። ስሙን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1978 አሜሪካ ውስጥ ያሉ ሐኪሞች ናቸው። ከበዓልና ከሳምንት መጨረሻ በኋላ ልባቸው ተዛብቶ የሚመጡ 24 ጠጪዎችን መርምረው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ የጀርመን ሐኪሞች ሙኒክ ውስጥ ወደሚከበረው ታላቅ የቢራ በዓል የእጅ ኢሲጂ፣ ማለትም የልብን ኤሌክትሪክ የሚያነብ መሣሪያ፣ ይዘው ወረዱ። ከ3,000 በላይ ሰው ለኩ። ከሦስቱ አንድ ለሚጠጋው ምቱ ከልኩ ወጥቶ ነበር፤ በአብዛኛው በመፍጠን። እነዚያ በአብዛኛው ጤነኛ ወጣቶች ነበሩ።

ፋሲካን አስቡት። 55 ቀን ጾም። ከዚያ በአንድ ሌሊት ጨው የበዛበት ዶሮ ወጥ፣ ጥሬ ሥጋ፣ ጠላ፣ ከላዩም አረቄ። የእኛን የበዓል አከባበር የሚያውቅ ሰው ስሙን አውጣ ቢባል ኖሮም ከዚህ አይርቅም ነበር።

«እኔ ሰካራም አይደለሁም፤ አንድ ብቻ ነው» የሚሉ ካሉ፣ ለእናንተም መልስ አለ። እነዚያው የሳን ፍራንሲስኮ ሐኪሞች መዛባቱ መጣ ሄደ የሚልባቸውን 100 ሰዎች ለአራት ሳምንት የልብ መከታተያና የአልኮል መለኪያ አስይዘው ለቀቋቸው። አንድ መጠጥ በተጠጣ በአራት ሰዓት ውስጥ የመዛባቱ ዕድል እጥፍ ሆነ። ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሆን ከሦስት እጥፍ በላይ። አንዲት ብርጭቆ እንግዲህ ለዚህ ልብ አንዲት ብቻ አይደለችም።

ደስ የሚለው ወሬ መተው የሚሠራ መሆኑ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ በሳምንት 10 እና ከዚያ በላይ መጠጥ የሚጠጡ 140 የምት መዛባት ታካሚዎች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ እንዲተዉ ተመከሩ፤ ግማሾቹ እንደ ልማዳቸው ቀጠሉ። በስድስት ወር ውስጥ ከቀጠሉት 73 በመቶው ላይ መዛባቱ ተመለሰ። ለመተው ከሞከሩት ላይ የተመለሰው በ53 በመቶው ነው። ልብ በሉ፤ እነዚህኞቹም ሁሉም ጨርሰው አልተዉም ነበር።

አሁን ወደ ክኒኑ እንሂድ፤ እኔ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው እላለሁ። የብረት ቫልቭ የገባለት ሰው፣ ወይም የሩማቲክ በር መጥበብና የምት መዛባት አብረው ያሉበት ሰው፣ ዋርፋሪን የሚባል የደም ማቅጠኛ ይወስዳል። ደም ማቅጠኛ ይባል እንጂ ደሙን አያቀጥነውም፤ መርጋቱን ነው የሚያዘገየው። «ምርመራ የማይፈልጉ አዳዲስ መድኃኒቶች አሉ ሲባል ሰማሁ» ይሉ ይሆናል። አሉ። ነገር ግን በሩማቲክ ታካሚዎች ላይ ከ4,500 በላይ ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት ከአዲሶቹ አንዱን ከዋርፋሪን ጋር ሲያወዳድር፣ ዋርፋሪን የወሰዱት በተሻለ በሕይወት ቆዩ። ለብረት ቫልቭም ቢሆን የሚታዘዘው እሱው ነው።

ዋርፋሪን ጠባብ መንገድ ላይ የሚሄድ መድኃኒት ነው። ልኩ የሚታወቀው አይ ኤን አር በሚባል የደም ምርመራ ነው። ደምዎ ለመርጋት የሚወስድበትን ጊዜ ከጤነኛ ሰው ደም ጋር የሚያስተያይ ቁጥር ነው። የጤነኛ ሰው 1 አካባቢ ነው። የምት መዛባት ላለበት ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 እንዲሆን ይፈለጋል። በግራ በኩል ባሉት ጓዳዎች መካከል የብረት ቫልቭ ላለው ከ2.5 እስከ 3.5። ከዚያ ካነሰ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል። ከበዛ ይደማሉ።

አልኮል ይህን ቁጥር በሁለት ተቃራኒ መንገድ ያናጋዋል። ዋርፋሪንን የሚፈጨው ጉበት ነው፤ አልኮልንም የሚፈጨው እሱው ነው። በአንድ ሌሊት ብዙ የጠጣ ሰው ጉበቱ በአልኮሉ ይጠመድና ዋርፋሪኑ ይጠራቀማል፤ ቁጥሩ ይወጣል፤ ይደማል። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ደግሞ ጉበቱ ከልማድ የተነሳ ይፈጥናል። ዋርፋሪኑን ቶሎ ጠርጎ ያስወጣዋል፤ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ደሙ ይረጋል። የሰከረ ሰው ክኒኑን ይረሳል። ይወድቃልም። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ጭንቅላቱን መትቶ ቢወድቅ፣ ላዩ ባይቆስልም ውስጡ ሊደማ ይችላል።

በዚህ ላይ የእኛ ጾምና ፍስክ ይጨመራል። ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ጎመን ቫይታሚን ኬ አለው፤ ቫይታሚን ኬ ደግሞ የዋርፋሪን ተቃራኒ ነው። በጾም ጎመኑ ይበዛል፤ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ሐኪሙ ያንን አይቶ መጠኑን ከፍ ያደርጋል። ከዚያ ፋሲካ ይገባል። ጎመኑ ይቀራል፤ መጠጡ ይገባል። ሁለቱም ቁጥሩን ወደ ላይ ይገፋሉ። መጠኑም ቀድሞ ከፍ ብሏል። አደጋው የሚሠራው እንዲህ ነው። ጎመን አይከለከልም፤ በጾምም በፍስክም ተቀራራቢ መጠን ይብሉ። ከትልቅ ጾም በፊትና በኋላ ምርመራ ቢያደርጉ መልካም ነው።

ለጉንፋን ነጭ ሽንኩርት በአረቄ የሚያዝ ዘመድ አይጠፋም። ለእርስዎ አይሆንም። አረቄው ያለውን ጣጣ አይተናል፤ ነጭ ሽንኩርትም በብዛት ሲወሰድ መድማትን ያበረታታል። ለሆድ የሚታዘዘው ሜትሮኒዳዞል የዋርፋሪንን ጉልበት በጣም ይጨምራል። ለራስ ምታት ዳይክሎፌናክና አስፕሪን ከመውሰድ በፊት ይጠይቁ። ፋርማሲ በገቡ ቁጥር የመጀመሪያው ቃልዎ «ዋርፋሪን እወስዳለሁ» ይሁን። ፀበልም ቢሆን ክኒኑን ሳያቋርጡ ነው።

ዋርፋሪን የማይወስዱስ? በፊኛ በሩ የተከፈተለት፣ ምቱም ቀጥ ያለ ሰው ከሁሉም የተሻለ ቦታ ላይ ነው፤ የተለጠጠው ጓዳ ግን አብሮት አለ። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶችዎ አብሌሽን ሊደረግላቸው ይችላል፤ ሁከቱ የሚነሳበትን ቦታ በቀጭን ሽቦ ጫፍ ማቃጠል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ መጠጣት የቀጠለ ሰው ላይ መዛባቱ ይበልጥ ይመለሳል። ፔስሜከር፣ ማለትም ምት የሚሰጥ ትንሽ ማሽን፣ የተገጠመለት ሰው «ማሽኑ ይጠብቀኛል» ይላል። ማሽኑ ምቱ ሲዘገይ ይደርሳል እንጂ የሚንቀጠቀጠውን ጓዳ አያስቆምም።

እሺ፣ ስንት ይፈቀዳል? የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ የምት መዛባት ያለበት ሰው በሳምንት ከ30 ግራም አልኮል እንዳያልፍ ይመክራል። የአሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. የ2023 መመሪያ ይቀንሱ ወይም ይተዉ ይላል። 30 ግራም ስንት ነው? ሒሳቡ ቀላል ነው። ሚሊሊትሩን በመቶኛው ያባዙ፣ ለ100 ያካፍሉ፣ ከዚያ በ0.8 ያባዙ። 330 ሚሊሊትር የሚይዝ 5 በመቶ ቢራ 13 ግራም ያህል ነው። ግማሽ ሊትር ጠላ፣ 4 በመቶ ቢሆን፣ 16 ግራም። አንድ መለኪያ አረቄ፣ 40 ሚሊሊትርና 40 በመቶ ቢሆን፣ 13 ግራም። አንድ ብርሌ ጠጅ፣ 300 ሚሊሊትርና 10 በመቶ ቢሆን፣ 24 ግራም።

ስለዚህ የሳምንቱ ጣሪያ ሁለት ቢራ ነው፤ ወይም አንድ ብርሌ ከትንሽ ጭማሪ ጋር። ግን የጠላው ማሰሮ ላይ መቶኛ አልተጻፈም። አንዷ ጠማቂ ቀጠን አድርጋ ታወጣለች፤ የሌላዋ ፍሉሱ ራስ ያዞራል። የአረቄውም እንደ አወጣጡ ነው፤ ዳግም የተባለው ይከብዳል። በማይታወቅ መለኪያ ጣሪያ መጠበቅ አይቻልም። ለዚህ ነው ዋርፋሪን ለሚወስድና ምቱ ተዛብቶ ለሚያውቅ ሰው የእኔ ምክር ዜሮ የሆነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ወራት ደግሞ ለማንም ቢሆን ያው ነው።

«ቀይ ወይን ለልብ ጥሩ ነው ይባል የለም?» ይባል ነበር፤ የሚባለውም ስለ ሌላ የልብ ሕመም ነበር። በምት መዛባት በኩል፣ ከ100,000 በላይ ሰዎች ለ14 ዓመት ያህል የተከታተለ ጥናት በቀን አንድ መጠጥ እንኳ አደጋውን በ16 በመቶ ከፍ እንደሚያደርግ አሳይቷል። ወይን ይሁን ቢራ ለውጥ የለውም።

ቡናስ? ቡናዎን በሰላም ይጠጡ። እስካሁን የተደረጉት ጥናቶች ልከኛ ቡና ይህን መዛባት ሲያመጣ አላገኙትም። ሲጠጡ ልብዎ የሚመታብዎት ከሆነ ብቻ ይቀንሱ። ጫት ግን ሌላ ነገር ነው። ምቱንም ግፊቱንም ይጨምራል። ምርቃናውን ለመስበር ተብሎ አረቄ ሲከተለው ልብ በአንድ ቀን ውስጥ ሽቅብም ቁልቁልም ይጎተታል። ቁርባን የሚያሳስብዎት ከሆነ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የሚዘጋጀው ከዘቢብ ነው፤ መጠኑም ጥቂት ነው። ሐሳብ አይግባዎ።

አሁን ስለ ወጪው። በወር ስንት ጠርሙስ ነው? በቀን ሁለት ከሆነ 60 ነው። በጎበሳ ዋጋ ያባዙትና ከዋርፋሪኑና ከምርመራው ጋር ያስተያዩት። ትልቁ ወጪ ግን ምቱ ሲዛባ የሚመጣው ነው። አይ ኤን አር በየጤና ጣቢያው አይመረመርም። ሕመሙ ሲነሳ መጀመሪያ ወደ አሰላ ነው። ከዚያ ከባሰ በአዳማ በኩል አዲስ አበባ፤ ከአሰላ ብቻ 175 ኪሎ ሜትር ያህል። ብቻዎን አይሄዱም፤ አስታማሚ አለ። የሁለት ሰው መሳፈሪያ፣ አልጋ፣ ምግብ። አጨዳ ላይ ከደረሰ የኮምባይነሩ ወረፋ ያልፋል። የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል ከሆኑ ከጤና ጣቢያው ሪፈር ሳይዙ አይውጡ፤ ያለዚያ ወጪው በራስዎ ላይ ይወድቃል። ስትሮክ ከሆነ ሒሳቡ በብር አይቆምም፤ አንድ እጅ ከሥራ ወጣ ማለት ነው፤ ያንን እጅ የምታስታምም አንዲት ሴት ልጅም ከትምህርት ቤት ልትወጣ ትችላለች።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። በየቀኑ ብዙ የሚጠጡ ሰው ከሆኑ ይህን አንብበው ነገ ጠዋት በድንገት አያቁሙ። እጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ መቃዠት፣ አንዳንዴም እንደሚጥል በሽታ መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል፤ ለታከመ ልብ ይህ ራሱ አደጋ ነው። ጤና ጣቢያ ሄደው እውነቱን ይናገሩ። ቀስ በቀስ የሚያስተዉበት መድኃኒትና ቫይታሚን አለ። ስንት እንደሚጠጡ ለሐኪም አሳንሰው አይንገሩ፤ የመድኃኒቱን መጠን የሚለካው በዚያ ነው።

ምትዎን ራስዎ መለካት ይችላሉ። አምስት ደቂቃ ቁጭ ይበሉ። የቀኝ እጅዎን ሁለት ጣቶች በግራ አንጓዎ ላይ፣ በአውራ ጣትዎ በኩል ያሳርፉ። ስልክዎ ላይ ሰዓት ይዘው አንድ ደቂቃ ሙሉ ይቁጠሩ። 15 ሴኮንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት እዚህ አይሠራም፤ የተዛባ ምት አንዴ ይሮጣል አንዴ ይቆማል። ቁጥሩንና ቀጥ ያለ ወይም የተቆራረጠ መሆኑን ደብተር ላይ ይጻፉ። በተለይ ከበዓል ማግሥት ይለኩ። ደብተሩን ለቀጠሮዎ ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪምዎ ከብዙ ወሬ ይልቅ ያንን ይወዳል።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ነገሮችም አሉ። ፊት በአንድ ወገን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ፤ በዚያው ሰዓት ይውሰዷቸው፣ «ይተኛና ይለቀዋል» አይባልም። ራስን መሳት፣ የደረት ሕመም፣ ተኝቶ መተንፈስ አለመቻል እንዲሁ። ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው ጥቁር እንደ ሬንጅ ያለ ዓይነ ምድር፣ አልቆም ያለ ነስር፣ ወይም ጭንቅላት ተመትቶ መውደቅም እንዲሁ።

የቀረው «በሞቴ» የሚለው ነው። እንግዳ መቀበልን የምናውቅ ሰዎች ነን፤ አንዳንዴ በግድ። «አልጠጣም» ካሉ ተጨማሪ ይለመናሉ። «ሐኪም ለዛሬ ከልክሎኛል» ካሉ ለነገ ይቀጠራሉ። የሚሠራው ሙሉውን መናገር ነው፤ «ለልቤ የምውጠው መድኃኒት ከዚህ ጋር ደም ያፈስሳል»። ይህን ሰምቶ የሚለምን አክስት የለም። ባለቤትዎን ወይም ታላቅ ልጅዎን አስቀድመው ያስረዱ፤ ለእርስዎ ይመልሱልዎታል። በቤትዎ በዕለቱ የተሠራ ቀሪቦ ይኑር፤ ሲያድር አልኮሉ ስለሚጨምር ያደረውን ይተዉት። በሰው ቤት ደግሞ ውሃም ይሁን ለስላሳ ብርጭቆዎን ሞልተው ይያዙ። ቀጂዋ የምትፈልገው ባዶውን ነው።